የኮሶ በር ኮሶ፦ የመጥፋት አደጋ በምን ይለካል?

እንጅባራ ቀድሞ ኮሶ በር ትባል እንደነበር ይታወቃል። ዛሬ ግን በዘንገናና በአካባቢው ደጋ ጎልቶ የሚታየው ለከሰል የሚተከለው ባዕድ ዛፍ ዲከረንስ ነው። በመሆኑም ጋራው አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ አገር በቀሉ ዛፍ አለ ማለት አንችልም።

አንድ ዝርያ ሊጠፋ ነው ለማለት መለኪያ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ ዝርያዎችን እንደሚከተለው ይመድባል፤ ይኸውም ፈጽሞ የጠፋ፣ በዱር የጠፋ፣ እጅግ ለከፋ አደጋ የተጋለጠ፣ ለከፋ አደጋ የተጋለጠ፣ ለአደጋ የተጋለጠ፣ ለሥጋት የቀረበና እምብዛም የማያሰጋ በማለት ነው። በቂ መረጃ የሌላቸውና ያልተገመገሙት ለብቻ ይመዘገባሉ።

ምደባው በቁጥር የተደገፈ ነው። በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ፣ ከሁለቱ በሚረዝመው ጊዜ ውስጥ፣ የዝርያው ብዛት ቢያንስ በ30 በመቶ ከቀነሰና መንስኤው ካልቆመ ለአደጋ የተጋለጠ ይባላል፤ 50 በመቶ ሲደርስ ለከፋ፣ 80 በመቶ ሲደርስ እጅግ ለከፋ አደጋ የተጋለጠ ይሆናል። ለፍሬ የደረሱት በጠቅላላው ከ1,000፣ ከ250 ወይም ከ50 ማነሳቸውም እንደዚሁ በቅደም ተከተል ያስመድባል። ለምሳሌ ጥቁር እንጨት በዓለም ደረጃ ለአደጋ የተጋለጠ ተብሏል፤ በካሜሩንና በማዳጋስካር ቅርፊቱ ለመድኃኒት ንግድ ሲላጥ ኖሯል።

ኮሶ እስከ ማላዊና ዛምቢያ ድረስ ይበቅላል። ስለሆነም የዓለሙ ደረጃ ስለ አንድ ቀበሌ ኮሶ አይነግረንም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፤ በማሳ ድንበር ያለውን የሚጠብቀው ግን ባለማሳው ነው።

የኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባ በተለያየ ዛፍ ላይ ይገኛል። ሴቴዋ አበባዋ ቀላ ያለ ሲሆን፣ ለኮሶ ትል መድኃኒት የሚለቀመውም እርሱ ነው፤ አበባው ሳያፈራ ካለቀ ዘር የለም። በአቅራቢያዋ ያለው ወንዴ ከተቆረጠም ሴቴዋ ቆማ ትመክናለች።

ስለዚህ የልማት ሠራተኞች የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እንመክራለን።

1. በአበባ ወቅት ለፍሬ የደረሱትን ወንዴና ሴቴ ለይታችሁ ቁጠሩ፤ ችግኝን ከዚህ አትደምሩ።
2. ቆጠራውን በየዓመቱ በዚያው ቦታ ድገሙ፤ መቀነሱ የሚታወቀው በንጽጽር ነው።
3. አበባ ሲለቀም ከየዛፉ ለዘር የሚበቃ እንዲቀር አስረዱ።

የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ለችግኝ ጣቢያቸው ዘር ከአንድ ዛፍ ብቻ ሳይሆን ከበርካታ እናት ዛፎች ይሰብስቡ። የተቆጠረ ዛፍ ሲጎድል ይታወቃል፤ ያልተቆጠረው ግን ሳናውቀው ያልቃል።