ምርኮኛው ቄስ

ወታደር ጦር ሜዳ ላይ መጸለዩ የጦርነትን ያህል ያረጀ ነገር ነው። የአሜሪካ ጦር ለዚህ የሚሆን አገልግሎት ያቋቋመው አገሪቱ ነጻነቷን ከማወጇ በፊት ነበር። የቅኝ ግዛቶቹ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1775 የሠራዊቱን ቄሶች በደመወዝተኞች መዝገብ አስገባቸው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጦሩ ቄስ መለዮ ይለብሳል፣ ማዕረግ ይይዛል፣ ከሻለቃው ጋር ይዘምታል፤ እንደ ሐኪሙ ሁሉ ግን ተዋጊ አይደለም።

ወታደሩ ከጸሎት የሚያገኘው ምንድን ነው? በሶሲዮሎጂ ምሁሩ በሳሙኤል ስቶፈር መሪነት ተሠርቶ በ1949 የታተመው «የአሜሪካ ወታደር» የተሰኘ ጥናት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉትን በጭንቅ ሰዓት ምን እንዳጸናቸው ጠይቋል። ጓደኛን አለማሳፈር፣ ለጠላት ያላቸው ጥላቻ፣ የተጀመረውን ጨርሶ አገር ቤት መግባት፣ ሁሉም በየተራ ቀረበላቸው። ብዙዎቹ «እጅግ ረድቶኛል» ያሉት ግን ጸሎትን ነበር። ይህን አብዝተው የተናገሩት ደግሞ ፍርሃትና ጭንቀት የበረታባቸው ሆነው ተገኙ። ከዚህ ተነሥቶ የምሽግ ጸሎት ከፍርሃት የሚወለድ፣ ተኩሱ ሲያባራ የሚረሳ ነው የሚል አይጠፋም። ትችቱ ከነጭራሹ ሐሰት አይደለም። ይሁንና ጥይት ሲያፏጭ «አምላኬ አውጣኝ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ በረሀብና በብርድ መካከል ለወራት መጸለይ ግን ሌላ ነው። የዚህን ሁለተኛውን ጠባይ አጥርቶ የሚያሳየው ኤሚል ካፖን የተባሉት የካቶሊክ ቄስ በኮሪያ ጦርነት ያሳለፉት ታሪክ ነው።

አባ ካፖን በ1916 ካንሳስ ውስጥ ፒልሰን በምትባል የገጠር መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1940 ቅስና ተቀበሉ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ በበርማና በሕንድ ከወታደሮች ጋር አገለገሉ። ኮሪያ የገቡት ጦርነቱ በፈነዳ በሳምንታት ውስጥ፣ በጁላይ 1950 ነበር። መሠዊያ የሚሆን ሲጠፋ የጂፕ መኪና ኮፈን ላይ ጨርቅ አንጥፈው ይቀድሱ ነበር፤ በዚህ ሁኔታ ሲቀድሱ የተነሣው ፎቶግራፍ ዛሬም በስፋት ይታያል።

በኖቬምበር 1950 መጀመሪያ ኡንሳን አጠገብ የቻይና ጦር ክፍላቸውን ከበበ። ማምለጥ የሚችል እንዲያመልጥ ሲታዘዝ አባ ካፖን ከቁስለኞቹ ጋር ቀሩ። ቁስለኞቹ በተጠለሉበት ጉድጓድ ከተማረኩት መካከል አንድ የቆሰለ የቻይና መኮንን ነበረ፤ ወገኖቹ እንዳይተኩሱ እንዲነግራቸው ለመኑት፣ እሱም ነገረላቸው። ከዚያ ወጥተው ሲወሰዱ ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ አሜሪካዊ ቦይ ውስጥ ወድቆ፣ አንድ የቻይና ወታደር ጠመንጃውን ጭንቅላቱ ላይ ደግኖበት አዩ። ቄሱ ምንም ሳይናገሩ ቀርበው ጠመንጃውን ገፋ አደረጉና ቁስለኛውን አንሥተው ተሸከሙት። ባለ ጠመንጃው ፈዞ ቀረ፤ አልተኮሰም። ቁስለኛውም ከጦርነቱ በሕይወት ተመልሶ ታሪኩን ለመናገር በቃ።

ምርኮኞቹ በብርድ ተነድተው በያሉ ወንዝ ዳር ፒዮክቶንግ በተባለ ቦታ ታጎሩ። በኮሪያ ከተማረኩት ከ7,000 በላይ አሜሪካውያን ውስጥ 2,700 ያህሉ በምርኮ ሳሉ ሞተዋል፤ አብዛኞቹን የፈጀው ያ የመጀመሪያው ክረምት ነው። ምግቡ ከእፍኝ አያልፍም፤ ተቅማጡ፣ ቅማሉና ውርጩ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ከበሽታው ሁሉ የሚያስፈራው ግን ተስፋ መቁረጥ ነበር፤ ገና ወጣት የሆነ ወታደር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እህል ውኃ አልቀምስም ይልና በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ያርፋል።

በዚህ ቦታ የአባ ካፖን ጸሎት ብቻውን የቆመ አልነበረም። ከፈራረሰ ቤት ቆርቆሮ እየነቀሉ በድንጋይ ቀጥቅጠው መጥበሻ መሰል ዕቃ ይሠሩና በረዶ አቅልጠው ውኃ ያፈላሉ፤ ለምርኮኞቹ የሚደርሰው ንጹሕ ውኃ ያ ነበር። በተቅማጥ የተበከለ የሕሙማን ልብስ ያጥባሉ፣ ቅማል ይለቅማሉ። ሰዓታቸውን በብርድ ልብስ ለውጠው ብርድ ልብሱን ቆራርጠው ለሰዎቹ የእግር ሹራብ ሠርተውበታል። ማታ ማታ የጠባቂዎቹን ጎተራ ሰብረው እህል ይሰርቃሉ፤ ለዚህ ሥራ ከመውጣታቸው በፊት የሚለምኑት በጌታ ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ፈያታዊ ዘየማን የሚባለውን ነበር። ምርኮኞቹ በዚህ ይስቁ እንደነበር የተረፉት ተናግረዋል። እዚያ ቦታ ሳቅ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

መኮንኖቹና ተራ ወታደሮቹ ተለያይተው ስለታሰሩ ቄሱ ከጠባቂ ዓይን ተሰውረው ወደ ወታደሮቹ ጎጆ ይዘልቃሉ፤ አጭር ጸሎት አድርሰው፣ ያገኙትን እህል አካፍለው ወደ ሌላው ያልፋሉ። ካቶሊኩ፣ ፕሮቴስታንቱ፣ አይሁዳዊው፣ ምንም የማያምነውም አብሮ ይቀመጣል። ጸሎቱ ሞትን አላስቀረም፤ ከጸለዩላቸው ብዙዎቹ ሞተዋል። ያስገኘው ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ቀን አንድ በሆነበት ቦታ ለማታው ሰዓት ስም ሰጠው፤ ምግቡን ሊቀማ የሚችል ጎረቤት አጠገቡ ላለው እንዲያስብ አደረገ። ነገ ማታ ቄሱ ይመጣሉ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ ለማዞር ይከብደዋል። ጠባቂዎቹም ይህን ሳያስተውሉት አልቀሩም፤ ቄሱን ልብሳቸውን አስወልቀው ውርጭ ላይ ያቆሟቸው ነበር።

በማርች 25 ቀን 1951 የትንሣኤ ዕለት ፀሐይ ስትወጣ፣ አባ ካፖን ክልከላውን ጥሰው በካምፑ ውስጥ በፈረሰች አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ምርኮኞቹን ሰበሰቡ። ሐምራዊውን የክህነት ልብስ አንገታቸው ላይ አድርገው፣ ከእንጨት ስንጣሪ የሠሩትን መስቀል ይዘው፣ ተደብቆ ከቆየ መጽሐፍ ጸሎት አነበቡ። ሰዎቹ አቡነ ዘበሰማያትን በዜማ አሉ፤ ጠባቂዎቹ ቆመው ተመለከቱ።

ሳምንታት አልፈው በአባ ካፖን እግር ውስጥ ደም ረጋ፤ ተቅማጥና የሳንባ ምች ተከተለ። ምርኮኞቹ «የሞት ቤት» ወደሚሉት፣ ሐኪም ቤት ተብሎ ወደሚጠራው ክፍል ሲወሰዱ የሚያለቅሱትን አጽናኑ፤ የሚሄዱት ሁልጊዜ ሊሄዱ ወደተመኙበት መሆኑን ነገሯቸው። በሜይ 23 ቀን 1951 በ35 ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ወር ነበር የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከኢትዮጵያ ተጉዞ ፑሳን ወደብ የደረሰው፤ ከቃኘው በጦርነቱ የተማረከ ስለሌለ የፒዮክቶንግን ሕይወት የቀመሰ ኢትዮጵያዊ የለም።

ከሞታቸው በኋላ ካምፑ የገባ አንድ አይሁዳዊ መኮንን ስለ እሳቸው የሰማው ብቻ በቅቶት ከማገዶ እንጨት ትልቅ ስቅለት ቀረጸላቸው። በ1953 ምርኮኞቹ ሲለቀቁ ስቅለቱን ይዘው ወጡ፤ አሁን ዊቺታ፣ ካንሳስ ውስጥ በስማቸው በሚጠራ ትምህርት ቤት ይገኛል። ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2013 የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት፣ የክብር ሜዳይን፣ ለቤተሰባቸው ሰጡ። አፅማቸው ከጦርነቱ በኋላ ማንነታቸው ካልታወቀ ሌሎች ሟቾች ጋር ሃዋይ ተቀብሮ ቆይቶ በ2021 ተለየና ወደ ዊቺታ ተወሰደ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በፌብሩዋሪ 2025 «ክቡር» ብላ ሰይማቸዋለች፤ ጉዳያቸው የታየው ሕይወታቸውን ለሌሎች አሳልፈው የሰጡትን በሚመለከተው ሥርዓት ነው። ወደ ብፅዕና ደረጃ ለመድረስ በአማላጅነታቸው ተአምር መደረጉ መረጋገጥ ይኖርበታል።