ከተራ ተጠቃሚ ወደ ሱፐርዩዘር፦ የፖስትግሬስ ክፍተት

ዳታቤዝ ሰርቨር ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ እኩል መብት አይሰጥም። አንዱ ማንበብ ብቻ ይፈቀድለታል፤ ሌላው ይጽፋል፣ ይሰርዛል፤ ሱፐርዩዘር የሚባለው ግን ምንም አይከለከልም። ዝቅተኛ መብት ያለው ሰው ማንም ሳይፈቅድለት ወደ ላይ የሚወጣበት ቀዳዳ ሲገኝ፣ ባለሙያዎች ፕሪቪሌጅ ኤስካሌሽን ይሉታል። ፖስትግሬስ በተባለው የዳታቤዝ ሥርዓት ላይ እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ይፋ የሆነው፣ ሲቪኢ-2018-1058 የሚል መለያ የተሰጠው ክፍተት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

በፖስትግሬስ ሠንጠረዦችና ፋንክሽኖች የሚቀመጡት ስኪማ በሚባሉ ክፍሎች ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣው 7.3 እትም ጀምሮ፣ አዲስ ዳታቤዝ ሲፈጠር ፐብሊክ የተባለ ስኪማ አብሮት ይፈጠራል። ዳታቤዙ ውስጥ መግባት የቻለ ሁሉ እዚያ የራሱን ፋንክሽን መፍጠር ይችል ነበር።

ለምሳሌ የላቲን ፊደላትን ወደ ትንንሽ ሆሄ የሚለውጠውን ሎወር የተባለ ፋንክሽን እንውሰድ። ፖስትግሬስ ይዞት የሚመጣው ሎወር ጽሑፍ የሚቀበለው ቴክስት በተባለው የዳታ ዓይነት ነው። ተንኮል ያሰበ ተጠቃሚ ፐብሊክ ውስጥ ቫርቻር የተባለውን ሌላ የጽሑፍ ዳታ ዓይነት የሚቀበል ሌላ ሎወር ይፈጥራል። ሱፐርዩዘሩ የቫርቻር ዓምድ ላይ ሎወርን ሲጠራ፣ ፖስትግሬስ ለዳታው ዓይነት ይበልጥ የሚገጥመውን፣ ማለትም የተንኮለኛውን፣ ይመርጣል። ፋንክሽን ደግሞ በተለምዶ የሚሠራው በጻፈው ሳይሆን በጠራው ሰው መብት ነው። ውስጡ “ይህን ተጠቃሚ ሱፐርዩዘር አድርገው” የሚል ትእዛዝ ካለ ይፈጸማል። ፊደላቱም እንደተጠበቀው ተለውጠው ስለሚመጡ የሚጠረጥር የለም።

ከባዱ ነገር፣ እዚህ ውስጥ ለብቻው ስሕተት የሚባል ሕግ አለመኖሩ ነው። የሚገጥመውን ፋንክሽን መምረጥ፣ በጠሪው መብት መሥራት፣ ለሁሉም ክፍት ቦታ መስጠት፤ እያንዳንዱ በቂ ምክንያት አለው። አደጋው የመጣው ከመገጣጠማቸው ነው። ስለዚህም የ2018ቱ ማሻሻያ እንደ ፒጂ ደምፕ ያሉትን የፖስትግሬስ መሣሪያዎች ቢያስተካክልም፣ የቀረውን ለዳታቤዝ አስተዳዳሪዎች ተወ። ፐብሊክ ላይ ለሁሉም ይሰጥ የነበረው የመፍጠር መብት የተነሣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 በወጣው እትም 15 ነው።

ይህም ቢሆን የሚመለከተው አዲስ ዳታቤዞችን ነው፤ ከድሮ እትም የተሻገረ ዳታቤዝ የቀድሞ ፈቃዱን ይዞ ይቀጥላል። አስተዳዳሪ የሆነ ሁሉ ፐብሊክ ላይ የመፍጠር መብት ያለው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ይፈትሽ፤ የማያስፈልገውን ይንጠቅ፤ ለዕለት ሥራም በሱፐርዩዘር አይግባ።