ወደ ሆሞሻ ለሚጓዝ መምህር መታወቅ ያለባቸው ነገሮች

የሥልጠናው ጊዜ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ በግቢያችን «ምድብህ የት ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ይበዛል። «ሆሞሻ» ብሎ የመለሰ ሰው ወዲያው የሚሰማው «ኧረ ቆላ ነው! ወባው! ደግሞስ ድንበር አይደለም እንዴ?» የሚል ነው። ከሚባለው ውስጥ እውነት አለበት፤ የተጋነነም አለበት። ስለዚህ በዚህ ዕትም ወደዚያ የሚሄድ አዲስ መምህር ከመነሣቱ በፊት ሊያውቅ የሚገባውን ልናካፍል ወደድን።

ሆሞሻ በአሶሳ ዞን የሚገኝ ወረዳ ነው። ከአሶሳ ከተማ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሱዳን ድንበር ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ይደረሳል። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው በነቀምቴ፣ በጊምቢና በመንዲ አድርጎ አሶሳ ለመድረስ ብቻ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ይህ መንገድ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋና ሲከፈት ስለ ኖረ ዕቃ ከመሸከፍ በፊት ስለ መንገዱ መጠየቅ ግድ ነው። አሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ አለው፤ ዋጋውን የቻለ በአየር ይመጣል። (አንዳንድ ሰው «ግድቡንም በዚያው አያለሁ» ይላል። ሕዳሴ ግድብ የሚገኘው መተከል ዞን፣ ጉባ ነው። ሆሞሻ ተቀምጦ አይታይም!)

አገሩ አዲስ የተቆረቆረ እንዳይመስለን። በ19ኛው መቶ ዓመት የበርታ ሕዝብ በሚኖርበት ምድር ታዋቂ የነበሩት የሼሆች ግዛቶች ሦስት ናቸው፤ ቤላ ሻንጉል፣ አቆልዲ፣ ሦስተኛው ኾሞሻ። የመጨረሻው የዛሬው ሆሞሻ ነው። በ1890 ዓ.ም. ገደማ በራስ መኮንን የተመራው የዐፄ ምኒልክ ጦር ወደዚህ መጥቶ አካባቢው ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ተገናኘ። አዲስ አበባ ውስጥ «ሼህ ኦጀሌ» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአሶሳው ገዥ ከሼህ ኾጀሌ አልሐሰን መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ወደ ወባው። በዚህ አካባቢ ዝናቡ አንድ ወቅት ነው፤ ከግንቦት ግድም ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ወባ የሚበረታው ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ፣ ውሃው በየጉድጓዱ ሲቀር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ታዲያ ትምህርት የሚከፈተው መቼ ነው? በመስከረም! አዲሱ መምህር ሰውነቱ በሽታውን ሳይለምድ፣ ቤት ሳይከራይ፣ አልጋ ሳይገዛ፣ ወባው በተነሣበት ሳምንት ከተፍ ይላል። በተለይ ከደጋ የመጣ ሰው ይህን ልብ ይበል። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት ዘገባ እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ ከ1100 በላይ ሰዎችም ሞተዋል።

ስለዚህ አጎበሩ በሻንጣው ውስጥ ከልብስ በፊት ይግባ። «እዚያ ስደርስ እገዛለሁ» አይባልም፤ የመጀመሪያዋም ሌሊት ሌሊት ናት። የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለ ሆነ ማታ ደጅ ተቀምጦ ለመጨዋወት እጅጌ ያለው ልብስ መልበስ ይበጃል። አጎበሩ ከተቀደደ በመርፌና በክር ይጠቀም፤ ጠርዙም ከፍራሹ ሥር ይወሸቅ። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ሲጀምር በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር እንጂ ከጓደኛ የተረፈ ኪኒን መዋጥ አይገባም። ምክንያቱም በአገራችን የሚበዙት የወባ ዓይነቶች ሁለት ናቸው፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም፤ ለመለየትም ደም መታየት አለበት። ፋልሲፓረም ሳይታከም ከዋለ ካደረ ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል። ቫይቫክስ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ እንደገና ይነሣል። የታዘዘውን መድኃኒት ተሻለኝ ብሎ በግማሽ ማቋረጥም ያው ራስን መጉዳት ነው።

ከዚህ ሌላ ስስ የጥጥ ልብስ፣ የዝናብ ካፖርትና ለሌሊት መንገድ ባትሪ ቢያዝ መልካም ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ሙቀት ሱፍ ለባሽ አይወድም። የምደባ ደብዳቤ፣ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ኮፒ ከእጅ አይለይ፤ መንገድ ላይ ፍተሻ አለ። የመጀመሪያ ደመወዝ ሰነድ እስኪሟላ ሊዘገይ ስለሚችል ለአንድ ሁለት ወር የሚሆን ስንቅ መያዝ ነው።

ቋንቋውስ? የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ ከገበያና ከቤት ውስጥ ግን የሚሰማው በርታኛና ዐረብኛ ነው። በርታኛ ከናይሎ ሳሃራ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን የድምፅ መውጣትና መውረድ የቃል ትርጉም ይለውጥበታል። እስቲ የአንድን ልጅ ጭንቅላት እንመልከት። እቤቱ በርታኛ ይናገራል፤ በርታኛው የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ቁርዓን ቤት ዐረብኛ ይቀራል፤ እሱም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ትምህርት ቤት «ሀ ሁ» ይቆጥራል፤ በዚያ ላይ እንግሊዝኛ ይጨመራል። አራት ቋንቋ፣ ሦስት ዓይነት ፊደል፣ ሁለት አቅጣጫ! እንዲህ ያለ ልጅ ደብተሩን ከኋላ ቢጀምር «ደደብ» የሚለው መምህር ራሱ ስንት ፊደል ያውቃል? ቆጠራን፣ ሰላምታን፣ «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ገባህ?» የሚሉትን በበርታኛ ከተማሪዎቹ መማር የመጀመሪያው ወር ሥራ ቢሆን እንላለን። ልጆቹ መምህሩ ሲሳሳት ይስቃሉ፤ ይሳቁ! የሳቀ ልጅ ነገም ይመጣል።

በርታዎች በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው። «አሰላሙ ዓለይኩም» ብሎ መግባት፣ አዛውንትን «ሼህ» ብሎ መጥራት፣ በረመዳን ቀን ሰው ፊት አለመብላት የጨዋ ወግ ነው። እንግዳ ሲመጣ የማሽላ ገንፎ ከከንከሴ ወጥ ጋር ሊቀርብ ይችላል። ከንከሴ ያው ባሚያ ነው፤ መዝለግለጉን አይቶ ፊት ማጥቆር አይገባም፤ ሲለመድ ማለፊያ ነው። በክረምቱ የሸመል ቡቃያም ተቀቅሎ ይበላል። ማንጎማ በወቅቱ እንደ ልብ ነው።

አንድ ከባድ ጉዳይ አለ፤ ወርቅ። በሆሞሻ፣ በመንጌና በኩርሙክ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ወርቅ ያጥባል። የእርሻው ሥራ ሲላላ ቤተሰቡ ወደ ወርቁ ይወርዳል፤ ልጁም አብሮ ይወርዳል። ያን ጊዜ ክፍሉ ይሳሳል። ስም እየጠሩ «ቀሪ» እያሉ ምልክት ማድረግ ብቻውን ልጁን አይመልስም። ወላጅን ገና በመስከረም ማወቅ፣ ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር መነጋገር፣ የተመለሰውንም ልጅ ከመቅጣት ያመለጠውን ማስጠናት ይሻላል። ቤቱ የሚበላው ከዚያች ቅንጣት ወርቅ ከሆነ ወላጁን መውቀስም ቀላል አይደለም።

በወረዳው የስደተኞች መጠለያዎችም አሉ። ሸርቆሌ በ1989 ዓ.ም.፣ ጾሬ በ2007 ዓ.ም. ተከፍተዋል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰው ተሻግሯል። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ወደ ድንበር መሄድ፣ መጠለያ ውስጥ መግባትና ፎቶግራፍ ማንሣት አይገባም።

በመጨረሻም ለዕረፍት ወደ አገሩ የሚመለስ መምህር አንድ ነገር ይያዝ። ወባ ትንኟ ከነከሰች ከሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ይነሣል። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ደርሶ ትኩሳት የያዘው ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ «ከአሶሳ፣ ከሆሞሻ ነው የመጣሁት» ይበል፤ በደጋ ያለ ሐኪም ሳይነገረው ብርድ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላልና።