የተለያየ ፋብሪካ ሜሞሪ በአንድ ኮምፒዩተር ይሠራል ወይ?

ከተበላሸ ዴስክቶፕ ሜሞሪ ነቅለን ለሌላው እንስጥ ስንል፣ «ፋብሪካው ይለያያል፣ ያቃጥለዋል» የሚሉን አሉ። እስቲ ነገሩን እንየው።

ዋናው የፋብሪካው ስም ሳይሆን ዓይነቱ ነው። ዲዲአር3 ባለ 240 መገናኛ ሲሆን በ1.5 ቮልት ይሠራል፤ ዲዲአር4 ደግሞ ባለ 288 ሆኖ 1.2 ቮልት ይበቃዋል። ከግርጌያቸው ያለው ክፍተት ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም፤ በግድ አንጫነው።

ዓይነታቸው አንድ ከሆነ ኪንግስተንና ሳምሰንግ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማሉ። ፍጥነታቸው ቢለያይ ፈጣኑ ዝግተኛውን ይጠብቃል፤ ባለ 3200ው ከባለ 2400ው ጋር ቢገጠም ሁለቱም በ2400 ይሠራሉ።

ሳይስማሙ ሲቀሩ ግን ማሽኑ ድንገት ይቆማል፣ ፋይልም ያበላሻል። ፋይሉ የሠልጣኞች ውጤት ቢሆንስ? ስለዚህ ኤሌክትሪኩን ነቅለን እንግጠም፤ በሜምቴስት ሳንፈትሽም ሥራ አናስጀምረው።