የጨረቃ ግርዶሽና የጋቦዴ ፎቶ አንሺ

የጨረቃ ግርዶሽ መሬት በፀሐይና በጨረቃ መካከል ስትገባ ጥላዋ በጨረቃ ገጽ ላይ በማረፉ የሚፈጠር ክስተት ነው። እንደ ፀሐይ ግርዶሽ ዓይንን የሚያሰጋ፣ ልዩ መነጽር የሚያስፈልገው ወይም በጠባብ መስመር ላይ ለቆመ ሰው ብቻ የሚታይ ስላልሆነ፣ ፎቶ ማንሳትን ለእንጀራ ሳይሆን ለፍላጎቱ ሲል ለያዘ ሰው፣ ማለትም ለአማተር፣ ከሰማይ ትርኢቶች ሁሉ የቀረበው እርሱ ነው። ጨረቃ ከአድማስ በላይ በምትታይበት የመሬት ግማሽ የሚኖር ሁሉ ከጣሪያው ላይ ሆኖ ሊያየው ስለሚችል፣ የፎቶውን ዕጣ የሚወስኑት የቦታው ሰማይ፣ የፎቶ አንሺው ዝግጅትና የሰዓት አያያዙ ናቸው። በሰማዩ በኩል ደግሞ የጅቡቲ ከተማ ሰፈር የሆነው ጋቦዴ ከኢትዮጵያ ደጋ ይልቅ የታደለ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጋቦዴ ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ በማይል ሜዳ ላይ ይገኛል። ከተማይቱ በአማካይ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን አዲስ አበባ ግን ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ ይህ ልዩነት ለግርዶሽ ፎቶ አንሺ ትርጉም የሚኖረው በቅርብ ዓመታት በአካባቢው የታዩት ረጃጅም ሙሉ ግርዶሾች በክረምት ወራት የዋሉ መሆናቸው ሲታሰብ ነው። ሰኔ 8 ቀን 2003 ዓ.ም. ለ100 ደቂቃ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. ለ103 ደቂቃ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ለ82 ደቂቃ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በመሬት ጥላ ውስጥ ቆይታለች። በእንጦጦ ተራራ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተተከሉት ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች በእነዚህ ወራት አብዛኛውን ጊዜ ከደመና በታች ሲውሉ፣ የጋቦዴ ነዋሪ በተራ ካሜራ የጠራ ሰማይ የማግኘት ዕድሉ የሰፋ ነው።

ግርዶሹ የሚሆነው ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሌሊት ብቻ ስለሆነ በእስላማዊው አቆጣጠር ሁልጊዜ በወሩ አጋማሽ ላይ ይውላል፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም 29 እና 30 ቀን እያፈራረቁ በሚቆጥሩት የጨረቃ ወር የሙላቷን ቀን አስቀድመው ያውቁታል። ይሁን እንጂ የጨረቃ መንገድ ከመሬት የዙረት ገጽ በ5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ በመሆኑ፣ ሙሉ ጨረቃ ብዙውን ጊዜ ከጥላው በላይ ወይም በታች ታልፋለች። የሥነ ፈለክ ሠንጠረዦች ሰዓቱን በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሚሰጡ፣ የጅቡቲ ነዋሪ 3 ሰዓት ሲደምር የከተማውን ሰዓት፣ 3 ሰዓት ሲቀንስ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚነገረውን ሰዓት ያገኛል። ሌሊት ቆሞ የሚሠራ ሰው ሁለቱን አምታቶ ግርዶሹ እንዳያመልጠው የካሜራውን ሰዓት አስቀድሞ ማስተካከሉ ተገቢ ነው።

የመሬት ጥላ ሁለት ክፍል አለው፤ ውጪኛው ስስ ጥላ የፀሐይ ብርሃን በከፊል ብቻ የተከለለበት ሲሆን፣ ውስጠኛው ድፍን ጥላ ግን የፀሐይ ቀጥተኛ ብርሃን ፈጽሞ የማይደርስበት ነው። ጨረቃ በስሱ ጥላ ውስጥ ሳለች ዓይን ለውጡን እምብዛም አያስተውለውም። የድፍኑ ጥላ ጫፍ ሲነካት ከፊል ግርዶሽ ይጀምራል፤ በጳጉሜኑ ግርዶሽ ይህ በጅቡቲ፣ በኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ27 ሆነ፣ ሙሉው ግርዶሽ 2 ሰዓት ከ30 ገባ፣ 3 ሰዓት ከ52 ገደማ አበቃ። በዚህ ሂደት የጨረቃ ብርሃን ከ10,000 እጥፍ በላይ ይቀንሳል፤ የአማተሩም ዋነኛ ፈተና ይኸው ነው፣ ምክንያቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል የሚለዋወጥ ነገር ካሜራው በራሱ መርጦ ሊከተለው አይችልም።

ስለዚህ ኤክስፖዠር፣ ማለትም ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን መጠን፣ በእጅ መወሰን አለበት። መጠኑን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት የሆነው አፐርቸር፣ ብርሃኑ የሚገባበት ጊዜ የሆነው የሸተር ፍጥነትና የሴንሰሩ የብርሃን ስሜት መለኪያ የሆነው አይኤስኦ ናቸው። ላልተጋረደች ሙሉ ጨረቃ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8 እና የሰከንድ 1/250ኛ ጥሩ መነሻ ሲሆን፣ በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ ግን አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 5.6 እና አንድ ሙሉ ሰከንድ፣ ጥላው በጠቆረ ጊዜም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በከፊል ግርዶሽ ወቅት ብሩሁንና የተጋረደውን ክፍል በአንድ ፎቶ ማስቀረት ስለማይቻል፣ ፎቶ አንሺው ለብሩሁ ክፍል መጥኖ ጥላውን ጥቁር ማድረግ ወይም ለጥላው መጥኖ ብሩሁን ማቃጠል ይኖርበታል፤ የተሻለው መንገድ በየደረጃው በተለያየ ፍጥነት ተከታታይ ፎቶዎችን ማንሳትና የሴንሰሩን መረጃ ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው በሮው ፋይል መያዝ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ እንቅፋት አለ። መሬት በመዞሯ ጨረቃ በሰማይ ላይ የራሷን ስፋት የሚያህል ርቀት በሁለት ደቂቃ ያህል ትጓዛለች፤ ይህ ለዓይን አዝጋሚ ቢመስልም፣ ከ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጀርባ ለተቀመጠ ዘመናዊ ሴንሰር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ አሥር ፒክሰል የሚደርስ ብዥታ ነው። የጨረቃ ምስል በሴንሰሩ ላይ የሚኖረው ስፋት የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ለ110 ሲካፈል የሚገኘው በመሆኑ፣ በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ 5.5 ሚሊ ሜትር፣ በ200 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል። ምስሉ በተለቀ ቁጥር ብዥታውም አብሮ ይጎላል። የመሬትን መዞር የሚከተል ባለ ሞተር ማቆሚያ የሌለው አማተር መካከለኛ ሌንስ መርጦ፣ አይኤስኦውን ወደ 3200 አሳድጎ፣ የሸተሩን ጊዜ ወደ ግማሽ ሰከንድና ከዚያ በታች ቢያወርድ፣ በትልቅ ሌንስ ከሚያገኘው ብዥ ያለ ጨረቃ ይልቅ ትንሽ ግን ጥርት ያለ ምስል ያገኛል። ፎከስም ጨረቃ ብሩህ ሳለች በካሜራው ስክሪን ላይ ጠርዟን አጉልቶ በእጅ ተስተካክሎ፣ የሌንሱ ቀለበት በፕላስተር ሊያዝ ይገባዋል፤ በግርዶሹ መካከል ካሜራው በራሱ ፎከስ መፈለግ ከጀመረ አያገኘውም።

በድፍን ጥላ ውስጥ የገባች ጨረቃ ጨርሳ ከመጥፋት ይልቅ የምትቀላው የመሬት አየር የፀሐይን ብርሃን አጥፎ ወደ ጥላው ውስጥ ስለሚያስገባው ነው። ሰማያዊው ብርሃን በመንገድ ይበተናል፤ ቀዩ ያልፋል። በዚያች ሰዓት በጨረቃ ላይ የቆመ ሰው ቢኖር መሬትን በቀይ ቀለበት ተከባ ያያት ነበር፤ ቀለበቱም በዚያው ቅጽበት ፀሐይ የምትጠልቅባቸውና የምትወጣባቸው ቦታዎች ሁሉ ብርሃን ነው። ጳጉሜን 2 ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ11 ላይ በጅቡቲ ሰማይ የታየው ቅላት ከፊሉ ከጋና፣ ከቡርኪና ፋሶና ከማሊ የጀንበር መጥለቂያ፣ ከፊሉ ደግሞ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ንጋት የመጣ ነበር። በጥላው ጫፍ አካባቢ ደግሞ ከላይኛው አየር ያለው ኦዞን ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥ፣ ሰማያዊ ቃና ያለው ቀጭን ጠርዝ ይታያል። ይህን ጠርዝ ዓይን በቀላሉ አይለየውም፤ ካሜራ ግን ሙሉ ግርዶሹ ሊገባ ወይም ሊያበቃ ደቂቃዎች ሲቀሩት በአግባቡ ከተመጠነ ይይዘዋል፣ ለብዙ አማተሮችም ከቀይዋ ጨረቃ ይልቅ የሚያኮራው ፎቶ ይህ ነው።

የቅላቱ መጠን ከግርዶሽ ግርዶሽ ይለያያል። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንድሬ ዳንዦን ከ0 እስከ 4 የሚደርስ መለኪያ አውጥቷል፤ 0 ጨረቃ ጨርሳ የጠፋች እስክትመስል የምትጠቁርበት፣ 4 ደግሞ ብሩህ ብርቱካናማ የምትሆንበት ነው። በፊሊፒንስ የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ1991 ከፈነዳ በኋላ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1992 የታየው ግርዶሽ እጅግ የጠቆረ ነበር፣ ምክንያቱም ከእሳተ ገሞራው የወጣው ጭጋግ በመላው ዓለም ላይኛ አየር ተሰራጭቶ ብርሃኑን አግዶታል። ለጅቡቲ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን የኤርትራው ናብሮ ነው። ከጅቡቲ ከተማ በ250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የሚገኘው ይህ ተራራ በሰኔ 2003 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳምንት ፈንድቶ የአውሮፕላን በረራዎችን አስተጓጎለ፤ ከሦስት ቀን ያህል በኋላም የሰኔ 8ቱ ሙሉ ግርዶሽ ሆነ። በእነዚህ ጥቂት ቀናት ውስጥ አመዱ የመሬትን ቀለበት ሊሸፍን አይችልም ነበር፤ አመዱ ከራሱ በላይ ያለፈበት ተመልካች ግን ጨረቃን ደብዝዛ ሊያያት ይችል ነበር።

በእነዚህ ሁለት ዓይነት አቧራዎች መካከል ያለውን ልዩነት መረዳት ለጋቦዴ ፎቶ አንሺ የግድ ነው። አንደኛው አቧራ በጨረቃ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን የሚቀይር፣ የዓለም ሁሉ የሆነ አቧራ ነው፤ ሌላኛው በፎቶ አንሺውና በጨረቃ መካከል ያለ የሰፈር አቧራ ነው። በጅቡቲ በሙቀቱ ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ከበረሃው በኩል የሚነፍሰው ካምሲን የተባለ ሞቃት ነፋስ ሰማዩን ስለሚያቆሽሽ፣ ግርዶሹ ሳይጀምር እንኳ ጨረቃ ቡና መልክ ልትይዝ ትችላለች። መፍትሔው የካሜራውን የቀለም ሚዛን በቀን ብርሃን ላይ አጽንቶ፣ ያልተጋረደችውን ጨረቃ አስቀድሞ ፎቶ አንስቶ ለማነጻጸሪያ ማስቀመጥ ነው፤ በኋላ የሚታየው ቅላት ከዚያ ምን ያህል እንደተለየ ሲታይ የጥላው ድርሻ ከአቧራው ይለያል።

ሙቀቱም የራሱ ጣጣ አለው። በጳጉሜን ምሽት የአየሩ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ከተማ፣ ከኤሲ ክፍል በቀጥታ ወደ ውጭ የወጣ ሌንስ ወዲያው ላብ ያወጣል፤ ፊተኛው መስተዋት ቢጠረግም እርጥበቱ በውስጠኞቹ መስተዋቶች ላይ ስለሚቀመጥ፣ ከፊል ግርዶሹ ሊያልፍ ይችላል። ካሜራውን በተዘጋ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ግርዶሹ ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት በፊት ውጭ ማስቀመጥ ችግሩን ያስወግዳል፤ ውሃው የሚቋጠረው በከረጢቱ ላይ ነው። የጋለ ሴንሰር በረጅም ኤክስፖዠር ላይ ነጠብጣብ ስለሚያበዛ፣ ፎቶ በማይነሳበት ጊዜ ስክሪኑን ማጥፋት ይጠቅማል። ከባሕር የሚመጣው ጨዋማ እርጥበትም ከሥራ በኋላ መጠረግ አለበት።

ቦታ ሲመረጥ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጋቦዴ ማረሚያ ቤት ያለበት፣ የአውሮፕላን ማረፊያና የውጭ ጦር ሰፈር የሚጎራበተው አካባቢ በመሆኑ፣ ረጅም ሌንስ በትራይፖድ ላይ ተክሎ በእነርሱ አቅጣጫ መቆም ከጸጥታ ኃይሎች ጋር ያጋጫል። በራስ ቅጥር ግቢ ወይም ጣሪያ ላይ መሥራት፣ አልያም ወደ ባሕሩ ዳር ወይም ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ወደሚገኘው አርታ ተራራ መሄድ ይሻላል። የከተማ መብራት ጨረቃን የማይጎዳ ቢሆንም፣ በሙሉ ግርዶሽ ጊዜ በዙሪያዋ የሚገለጡትን ከዋክብት ይሸፍናል፤ በ2010ሩ ግርዶሽ ከጨረቃ አጠገብ ማርስ ደምቃ መታየቷ ይታወሳል። መስጊድን ከጨረቃ ጋር አብሮ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ደግሞ በግርዶሽ ሰዓት ሙስሊሞች ልዩ ሶላት እንደሚሰግዱ አውቆ ፍላሽ ሳይጠቀም ራቅ ብሎ መቆም ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራው የጅቡቲ ከተማው የሐሙዲ መስጊድ ሚናራ በቀይ ጨረቃ ፊት ቆሞ የሚያሳይ ፎቶ የብዙ አማተር ምኞት ነው፤ ነገር ግን የሰማዩ ስሌት እንደ ልብ አይፈቅድም። አንድ ነገር ከጨረቃ ጋር እኩል ስፋት እንዲይዝ ከቁመቱ 110 እጥፍ መራቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ ርቀት ደግሞ ጫፉ ከአድማስ ብዙም ከፍ አይልም። በጳጉሜኑ ሙሉ ግርዶሽ መካከል ጨረቃ 43 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ስለነበር፣ ሚናራንና ግዙፍ ጨረቃን ያጣመረ ምስል በአንድ ጠቅታ ሊገኝ አይችልም ነበር። ሁለት ፎቶ ማጋጠም ነውር የለበትም፤ መጋጠሙን ሳይናገሩ ማሳየት ግን ተመልካቹን ማታለል ነው።

ከውበቱ ባሻገር ከእነዚህ ፎቶዎች አማተሩ በገዛ እጁ ሊያወጣው የሚችል ዕውቀት አለ። አርስጣጣሊስ የመሬትን ክብነት ካስረዳባቸው ማስረጃዎች አንዱ የጥላዋ ጠርዝ ሁልጊዜ ክብ መሆኑ ነበር። በከፊል ግርዶሽ የተነሳን ፎቶ በወረቀት አትሞ፣ የጥላውን ጠርዝ በኮምፓስ ተከትሎ ክቡን የጨረሰ ሰው ጥላው ከጨረቃ 2.7 እጥፍ ያህል እንደሚሰፋ ያገኛል። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን በሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ የምትሰፋ በመሆኗ፣ የመሬት ጥላ ጨረቃ ዘንድ ሲደርስ በአንድ የጨረቃ ስፋት ያህል ይጠብባል፤ ይህን መልሶ ሲደምር መሬት ከጨረቃ 3.7 እጥፍ ገደማ እንደምትሰፋ ይደርስበታል፤ ይህም 12,742 ኪሎ ሜትር ለ3,474 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ከሚገኘው ጋር በጣም ይቀራረባል።

ለዚህ ሥራ አመቺ የሚሆነው የታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ዓ.ም. ሙሉ ግርዶሽ ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የ2028 የመጨረሻ ምሽት ላይ ይውላል። በጅቡቲ ከፊል ግርዶሹ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ሲጀምር ጨረቃ ከምሥራቁ ባሕር ወጥታ ገና ከአድማስ ብዙ አልራቀችም፤ ሙሉው ግርዶሽ ከ1 ሰዓት ከ16 እስከ 2 ሰዓት ከ28 ይቆያል፣ የድፍኑ ጥላ ጫፍ የሚለቃትም 3 ሰዓት ከ36 ላይ ነው። ወሩ ሙቀቱ የሚለዝብበትና ካምሲን የማይነፍስበት ስለሆነ፣ ሰሜን ምሥራቅ ያልተከለለበት ጣሪያ ያለው የጋቦዴ ነዋሪ ባለ 200 ወይም ባለ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ የማይነቃነቅ ትራይፖድና የተሞላ ትርፍ ባትሪ ካዘጋጀ በቂው ነው። አንድ ወይም ሁለት ወር አስቀድሞም በተራ ሙሉ ጨረቃ ላይ ፎከሱንና የሸተር ፍጥነቱን ደጋግሞ መሞከር ይኖርበታል።