የቀጭን ክር ጉልበት፦ ስለ ጥልቅ ባሕር ዓሣ ማጥመጃ ፍሬን

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያነበበ አንድ ወዳጄ፣ «ባሕር በሌላት አገር የባሕር ዓሣ ማጥመድን ምን አመጣው?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው፣ ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ብቻ ስለሚርቅ፣ ቅዳሜና እሑድ ዘንግ ይዘው ወደ ባሕር የሚወርዱ የእኛው ልጆች እየበዙ መምጣታቸው ነው። የእህቴ ልጅ ከእነርሱ አንዱ ነው። ሁለተኛው መልስ ደግሞ፣ በአንዲት የዓሣ ማጥመጃ መጠምጠሚያ ውስጥ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከምናስተምረው መካኒክስ ግማሽ ያህሉ ተሸጉጦ መገኘቱ ነው። ይህን የማውቀው በዚያው ፈተና ላይ ወድቄ ስለሆነ ነው። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። በሜሪላንድ ግዛት ኦሽን ሲቲ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አለች። ራሷን የዓለም የነጭ ማርሊን መዲና ብላ ትጠራለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮም የታወቀ የነጭ ማርሊን ውድድር ይካሄድባታል። ከዚያ የሚነሣ ጀልባ ወዲያው ጥልቅ ባሕር አያገኝም። የአህጉሩ ጠርዝ በውኃ ውስጥ እንደ ሰፊ መደብ ተዘርግቶ ስለሚሄድ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። መደቡ የሚያበቃው ባልቲሞር፣ ዋሽንግተን፣ ፑር ማንስ በሚባሉ የውኃ ውስጥ ሸለቆዎች ነው። የእኛን የዓባይ ሸለቆ ያየ ሰው ያንኑ በውኃ ተሞልቶ ያስበው። ከደቡብ የሚመጣው ሞቃት ውኃ በዚህ ጠርዝ ላይ ከቀዝቃዛው ሲገናኝ ትናንሽ ዓሦች ይሰበሰባሉ፤ ትልልቆቹም እነርሱን ተከትለው ይመጣሉ። ስለዚህ ጉዞው የሚጀመረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ጎሕ ሲቀድ ሸለቆው ላይ ይደረሳል፤ ከዚያም ጀልባው በዝግታ እየተጓዘ በመንጠቆ የተሰካ ትንሽ ዓሣ ከኋላው ይጎትታል።

ለነጭ ማርሊን በአብዛኛው የሚመረጠው ክር 15 ኪሎ የሚሸከመው ነው። ነጭ ማርሊን ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ አይበልጥም። ነገር ግን ውኃው የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ያንኑ ማጥመጃ ከመቶ ኪሎ በላይ የሆነ ቱና ሊውጠው ይችላል። አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። እዚህ ግን የሚያብር ድር የለም፤ ድሩ አንድ ነው፣ ውፍረቱም ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ታዲያ አንበሳውን የሚያስረው ምንድን ነው?

መልሱ ፍሬኑ ነው። በሙያው ድራግ ይሉታል። ክሩ የሚጠቀለልበት ጥንጥን በሰበቃ ዲስኮች ተይዟል። ዓሣው ከተወሰነ ኃይል በላይ ሲጎትት ጥንጥኑ ይንሸራተትና ክር ይለቃል፤ ከዚያ በታች ሲሆን ይይዛል። ዓሣው የሚደክመው በሰውዬው ክንድ ሳይሆን ይህን ሰበቃ ኪሎ ሜትሮችን እየጎተተ ነው።

ይህ ሁልጊዜ የነበረ ነገር አይደለም። በካሊፎርኒያ በሳንታ ካታሊና ደሴት ቻርልስ ፍሬደሪክ ሆልደር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1898 83 ኪሎ የሚመዝን ቱና በዘንግ ሲይዝ፣ የመጠምጠሚያው እጀታ በቀጥታ ከጥንጥኑ ጋር የተያያዘ ነበር። ዓሣው ሲሮጥ እጀታው ወደ ኋላ እየተሽከረከረ የአጥማጁን ጣቶች ይቀጠቅጣል፤ ፍሬኑም በአውራ ጣት የሚጫኑት ቁራጭ ቆዳ ብቻ ነበር። በኋላ ዊልያም ቦሸን የተባለ አጥማጅ ፍሬኑን በመጠምጠሚያው ውስጥ የሚያስገባ ሐሳብ አመነጨ፤ ጁልየስ ፎም ሆፍ የተባለ የኒው ዮርክ ባለሙያም ሠራለት። ቦሸን እ.ኤ.አ. በ1913 ሰይፈኛውን ዓሣ በዘንግና በመጠምጠሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው በዚህ መሣሪያ ነው። የሄሚንግዌይን «ሽማግሌው እና ባሕሩ» ያነበባችሁ፣ ሽማግሌው ክሩን በባዶ እጁና በጀርባው ይዞ ሲታገል መዳፉ እንዴት እንደተተለተለ ታስታውሳላችሁ። ሽማግሌው ራሱ ፍሬን ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእረፍት ጊዜዬ የእህቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በተከራየው ጀልባ ላይ ወሰደኝ። ረፋዱ ላይ አንደኛው ዘንግ ጎበጠ፤ ተራው የእኔ ስለነበር ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ። ክሩ መውጣት ጀመረ፤ አልቆመም። ጥንጥኑ ዓይኔ እያየ ሲመነምን፣ ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ደነገጥሁና የፍሬኑን ማንሻ ወደፊት ገፋሁት። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ አይንኩት!» ብሎ ሲጮህ እና ክሩ ሲበጠስ እኩል ሆነ። ካፒቴኑ ቱና ነው አለ፤ እኔ ጭራውን እንኳ አላየሁም። በውኃው ውስጥ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ናይለን ክር እና አንድ መንጠቆ የተሸከመ ዓሣ ቀረ። ከሁሉ ያሳፈረኝ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቶርክ ሳስተምር የኖርሁ ሰው መሆኔ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ፍሬኑ የሚሰጠው ቋሚ ኃይል ሳይሆን ቋሚ ቶርክ ነው። በክሩ ላይ ያለው ውጥረት ደግሞ ቶርኩ ለጥንጥኑ ሬዲየስ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሙሉ ጥንጥን 5 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ቢኖረውና ፍሬኑ በ4 ኪሎ ቢስተካከል፣ ክሩ ወጥቶ ሬዲየሱ ወደ 3.5 ሲወርድ ውጥረቱ ማንም ሳይነካው 5.7 ኪሎ ይሆናል። እኔ ማንሻውን የገፋሁት፣ በሙሉ ጥንጥን ቢለካ 7 ኪሎ ወደሚሆንበት ቦታ ነበር እንበል፤ በዚያ በመነመነ ጥንጥን ግን 10 ኪሎ ሆነ። ክሩ 15 ይሸከማል አልተባለም ወይ? ተብሏል። ሆኖም ናይለን ውኃ ሲጠጣ ጥቂት ይዳከማል፤ ቋጠሮም የበኩሉን ይቀንሳል። በዚህ ላይ ክሩ በጎበጠው ዘንግ ቀለበቶች ላይ ሲታከክ የሚጨመር ሰበቃ አለ። ከሁሉ የሚከፋው የውኃው ነው። ዓሣው አቅጣጫ ሲለውጥ በውኃው ውስጥ ያለው ረጅም ክር እንደ ደጋን ይጎብጣል፤ ውኃው በክሩ ላይ የሚያሳድረው ተቃውሞም በፍጥነቱ ስኩዌር መጠን ያድጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ ጭነት የሚያርፈው በዓሣው በኩል ስለሆነ በዘንጉ ላይ ያለው ሰው አይሰማውም። ክሩ እየሸሸ ሲሄድ ፍሬኑ መላላት እንጂ መጥበቅ የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው። ክሩ ሲያልቅ መፍትሔው ከማንሻው ሳይሆን ከካፒቴኑ ዘንድ ነው፤ ጀልባውን አዙሮ ዓሣውን ይከተላል፣ አጥማጁም ክሩን መልሶ ይጠቀልላል።

ስለዚህ ፍሬን የሚስተካከለው ገና ከወደብ ሳይወጣ ነው፤ በግምት ሳይሆን በሚዛን። የተለመደው ልክ ከክሩ የመሸከም አቅም ከአራት አንድ እስከ ሦስት አንድ ባለው መካከል ነው፤ ለ15 ኪሎ ክር 4 ኪሎ ገደማ መልካም መነሻ ነው። አንድ ሰው ዘንጉን በ45 ዲግሪ ያዘነብላል፤ ሌላው የክሩን ጫፍ ተንጠልጣይ የሞላ ሚዛን ላይ አስሮ በእርጋታ ወደ ኋላ ይሄዳል። መነበብ ያለበት ጥንጥኑ ሲነቀል የሚታየው ቁጥር ሳይሆን እየተንሸራተተ ሳለ የሚታየው ነው። የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ከሆነ ዲስኮቹ ታመዋል ማለት ነው። የቋሚና የተንቀሳቃሽ ሰበቃ ልዩነት ብለን በክፍል የምናስተምረው ይህንኑ ነው፤ በባሕር ላይ ግን ዓሣው በተነሣ ቁጥር ክሩን በድንገት የሚመታ መዶሻ ይሆናል።

ዲስኮቹ የሚታመሙት በሙቀትና በጨው ነው። 5 ኪሎ ማለት ወደ 50 ኒውተን ነው፤ ዓሣው በሴኮንድ 8 ሜትር ቢሮጥ ኃይሉ 400 ዋት ይሆናል። ይህ ሁሉ ሙቀት በአንዲት መዳፍ በምታህል ሳጥን ውስጥ ይቀራል። የዱሮው ቆዳ ይህን አይችልም ነበር፤ ዛሬ በካርበን ፋይበር የተተካው ለዚህ ነው። ከባሕር ሲመለሱ ፍሬኑን ጥቂት አጥብቆ በቀስታ በሚወርድ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ይገባል፤ በኃይል የሚረጭ ውኃ ጨውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም። ከታጠበ በኋላ ግን ፍሬኑ ፈጽሞ ላልቶ መቀመጥ አለበት፤ ተጨምቀው የከረሙ ዲስኮች እኩል አይንሸራተቱም። ቋጠሮን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ በራሱ ሰበቃ ይግላል፤ የጋለ ናይለን ደግሞ ይደክማል።

መንጠቆው ሌላ ምዕራፍ ነው፤ እኛ ከሐይቅ ዳር ይዘነው ያደግነው ልማድ እዚያ አይሠራም። ዓሣ ሲነካ ዘንጉን በኃይል መንጨቅ ተምረናል። ለማርሊን የተፈጥሮ ማባበያ ሲጠቀሙ የሚመረጠው ግን ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ ነው፤ በአሜሪካ የአትላንቲክ ማርሊን ውድድሮችም ከተፈጥሮ ማባበያ ጋር ግዴታ ነው። ዓሣው ማባበያውን ይዞ እስኪዞር ክሩ በነፃ ይለቀቅለታል፤ ከዚያ ፍሬኑ ቀስ ብሎ ይያዛል። መንጠቆው ያን ጊዜ ከጉሮሮ ተንሸራትቶ በአፉ ጥግ ይሰካል። የነጨቀ ሰው ባዶ መንጠቆ ይስባል። ጉዳዩ የመያዝ ብቻ አይደለም። ከነጭ ማርሊን አብዛኛው ተመልሶ ስለሚለቀቅ፣ በአፉ ጥግ የተሰካው በሕይወት የመትረፍ ዕድሉ ሆዱ ውስጥ ከተሰካው እጅግ የተሻለ ነው። የሚለቀቅ ማርሊን ከውኃ አይወጣም፤ ሕጉም ይከለክላል። ለፎቶግራፍ ብሎ ጀልባ ላይ ማንሣት የዓሣውን ሕይወት ለአንድ ምስል መስጠት ነው። ደካማ የመሰለውን ዓሣ ጀልባው በዝግታ እየተጓዘ ውኃ በስንጥቡ እንዲያልፍ አድርጎ ያበረታቱታል።

ሰው የሚጎዳው ግን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ነው። ከመንጠቆው በላይ ያለው ወፍራም ክር፣ ሊደር የሚሉት፣ ጀልባው አጠገብ ሲደርስ አንድ ሰው በእጁ ይይዘዋል። እዚህ ላይ ፍሬን የሚባል ነገር የለም፤ በዓሣውና በሰውየው መካከል የቀረው ጣት ብቻ ነው። ወፍራም ጓንት የግድ ነው። ክሩን በእጅ ላይ መጠቅለል የሚችለው ጥቅልሉ እጅን ሲዘረጉ የሚፈታበትን አያያዝ ከባለሙያ የተማረ ብቻ ነው፤ ያልተማረ አይንካው። የተሳበው ክር ከእግር ሥር ሳይሆን ወደ ባሕር መውደቅ አለበት። ክር ተጠምዝዞባቸው ከጀልባ ወደ ባሕር ተጎትተው የሞቱ ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። የእህቴ ልጅ ይህን ሥራ ለእንግዳ የማይሰጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ በመጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር።

ስለ ሕጉ በአጭሩ፦ በራሱ ጀልባ ለሚወጣ ሰው የፌዴራል የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ነጭ ማርሊን ለማስቀረት ከታችኛው መንጋጋ ጫፍ እስከ ጭራው መሰንጠቂያ ቢያንስ 168 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ መሸጥም ክልክል ነው። ደንቡ ስለሚሻሻል በየዓመቱ ማረጋገጥ ይገባል። የማቅለሽለሽ መድኃኒትም ከዋዜማው ጀምሮ እንጂ ማዕበሉ ከጀመረ በኋላ አይጠቅምም፤ ይህንንም በራሴ አይቻለሁ።

በዓመቱ ተመልሼ ሄጄ ነበር። በዚያ ጊዜ ሚዛኑን የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ አራቱንም ዘንጎች ለካሁ። አንደኛው ከታሰበው 2 ኪሎ አልፎ ተገኘ። ማርሊን ሲይዘኝ ሁለቱንም እጆቼን ከማንሻው አርቄ እጀታውን ብቻ አዞርሁ፤ በ20 ደቂቃ ገደማ ከጀልባው ጎን መጣ። መንጠቆው በአፉ ጥግ ነበር። ባለ ጓንቱ ልጅ ነቀለለት፤ ጭራውን አንድ ጊዜ መታና ወደ ታች ወረደ።

ጥያቄ ካላችሁ ጊዜ አለን።

(ከአርባ ምንጭ የመጣ ተማሪ፣ ይህ ስሌት ለጫሞ ሐይቅ ናይል ፐርች ይሠራ እንደሆነ እና ናይለንን በተገመደው አዲሱ ክር መተካት ይሻል እንደሆነ ጠይቋል።)

ስሌቱ በሙሉ ይሠራል፤ ሬዲየስ በጫሞም ሬዲየስ ነው። የጫሞ ናይል ፐርች ትልቅ ዓሣ ስለሆነ ሚዛኑን አትናቀው። የተገመደው ክር ቀጭን በመሆኑ የውኃው ተቃውሞ ያንሳል፤ ይህ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱ አለመለጠጡ ነው። ናይለን ሲሳብ ስለሚለጠጥ ድንገተኛ ምትን ይውጥልሃል፤ ያኛው ምቱን ሁሉ ለቋጠሮውና ለመንጠቆው ያሳልፋል። ከተጠቀምህበት ፍሬኑን ጥቂት አላላ፤ ከጫፉም ጥቂት ሜትር ናይለን ቀጥልበት። በባዶ እጅህም አትያዘው፤ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። በጫሞ ደግሞ ዓሣውን ለመልቀቅ ስትጎነበስ እጅህን ውኃ ውስጥ አታቆይ፤ የአዞውን ነገር ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ሚዛን ከሌለህም ከሰፈርህ ነጋዴ ተዋስ፤ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የምትፈልገው።