የጠብታ መስኖ በምን አደገ? ገበሬው ጋ ሲደርስስ ለምን ይቆማል?

በቦይ የተለቀቀ ውሃ ሁሉ ለሰብል አይውልም። ከፊሉ ከሥሩ በታች ይሰርጋል፣ ከፊሉ በፀሐይ ይተናል፣ የተረፈውም የማሳውን ዳር አልፎ ይሄዳል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በመስኖ መመሪያው እንዳሰፈረው፣ ማሳ ላይ ከደረሰው ውሃ ሰብሉ የሚጠቀመው በቦይ መስኖ 60 በመቶ፣ በጠብታ መስኖ ደግሞ 90 በመቶ ገደማውን ነው። በዓለም ላይ ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከጉድጓድ ከሚቀዳው ውሃ 70 በመቶ ያህሉ ወደ እርሻ ስለሚሄድ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ከፓምፕ ወይም ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ሮቶ የሚወርደው ውሃ በማጣሪያ አልፎ ወደ ዋናው ቱቦ ይገባል፤ ከዚያም በየመደቡ በተዘረጉት ቀጫጭን ጥቁር ቱቦዎች ይከፋፈላል። በእነዚህ ላይ ተራርቀው የተተከሉት ማንጠብጠቢያዎች እያንዳንዳቸው በሰዓት ከ1 እስከ 4 ሊትር የሚሆን ውሃ ተክሉ ሥር ያፈሳሉ። በመደቦቹ መካከል ያለው መሬት ደረቅ ስለሚሆን አረም ይቀንሳል። ቅጠሉ ስለማይርስም ከእርጥበት ጋር የሚመጣ በሽታ ይረግባል። ማዳበሪያውን በውሃው አሟሙቶ በዚያው መስመር መስጠት ይቻላል።

ዋናው ጥበብ ያለው ማንጠብጠቢያው ውስጥ ነው። ውሃን በጠብታ ለማውጣት መጀመሪያ የሚታሰበው ቱቦውን በመርፌ ቀዳዳ መብሳት ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ቀዳዳ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትደፍነዋለች። በፖላንድ የተወለደው እስራኤላዊ የውሃ መሐንዲስ ሲምሃ ብላስ ያገኘው መፍትሔ ሌላ ነበር። ቀዳዳውን ከማጥበብ ይልቅ ውሃው የሚሄድበትን መንገድ አስረዘመው። ውሃው በረጅም ጠመዝማዛ መተላለፊያ ሲጓዝ ከግድግዳው ጋር እየተፋተገ ኃይሉን ያጣል፤ መጨረሻ ላይ በጠብታ ይወጣል። መተላለፊያው ሰፋ ያለ ስለሆነም ቶሎ አይደፈንም። ሐሳቡ የመጣለት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ የሚያፈስ ቱቦ አጠገብ የበቀለ ዛፍ ከጎረቤቶቹ በልጦ ማደጉን አይቶ እንደሆነ ይነገራል። ሥራ ላይ የዋለው ግን ርካሽ ፕላስቲክ ከመጣ በኋላ ነው። ብላስ ከልጁ ከየሻያሁ ጋር ሆኖ ሲሞክር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በኔጌቭ በረሃ ካለው የሐጸሪም ኪቡትዝ (የጋራ እርሻ መንደር) ጋር ተዋዋለ። ኔታፊም የተባለው ኩባንያ የተወለደው ከዚህ ስምምነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አብላጫ ድርሻውን አንድ የሜክሲኮ ኩባንያ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛው፤ የኪቡትዝ ሥራ ወደ ዓለም አቀፍ ንግድ አድጎ ነበር።

ይህ ሁሉ የመጣው በቱቦው ጥሩነት ብቻ አይደለም። ሕንድን እንይ። ማሃራሽትራ ውስጥ ጃልጋኦን ከተማ ላይ የተመሠረተው ጄይን ኢሪጌሽን ከዓለም ትልልቆቹ አምራቾች አንዱ ለመሆን የበቃው፣ ከጀርባው መንግሥት ስለነበረ ጭምር ነው። የአገሪቱ የመስኖ መርሐ ግብር ለአነስተኛ ገበሬ ከዕቃው ወጪ እስከ 55 በመቶ፣ ለሌሎች 45 በመቶ ይደጉማል። ድጎማው ገዢ ፈጠረ፤ ገዢ ሲኖር ሻጭና ጠጋኝ ገበሬው ወዳለበት ተጠጉ።

ይህ በሌለበት የሆነውን ደግሞ ዚምባብዌ ታሳየናለች። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለችግረኛ ቤተሰቦች በእርዳታ የተሰጡት አነስተኛ የጠብታ መስኖ ዕቃዎች ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሥራ አቆሙ። በቅርብ ውሃ አልነበረም፤ ቱቦው ሲደፈን የሚያየው፣ ሲሰበር መለወጫ የሚሸጠው ሰው ጠፋ። ዕቃውን መስጠት ቀላሉ ክፍል ነበር።

በእኛም አገር ልዩነቱ በዓይን ይታያል። በዝዋይ (ባቱ) ዙሪያ ያሉት የአበባ እርሻዎች ጽጌረዳቸውን በፕላስቲክ ቤት ውስጥ በጠብታ ያጠጣሉ። ባለሙያ፣ ማጣሪያ፣ መለዋወጫና የውጭ ገበያ አላቸው። በዚያው አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው አነስተኛ ገበሬ ግን በአብዛኛው ውሃውን በሞተር ስቦ በቦይ ይለቃል። ይህን የሚያደርገው ቴክኖሎጂውን ጠልቶ አይመስለኝም። ዕቃው በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የቲማቲም ዋጋ ደግሞ በሳምንት ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። በእንዲህ ያለ ገበያ ላይ ተበድሮ ቱቦ መዘርጋት ለቤተሰቡ ትልቅ አደጋ ነው።

የጠብታ መስኖ ውሃ ይቆጥባል ሲባል አብዛኛው ሰው ሐይቁና ጉድጓዱ የሚተርፉ ይመስለዋል። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2008 በጀመረችው የግብርና ዕቅድ ከወጪው 80 በመቶውን፣ ለአነስተኛ ገበሬዎች ደግሞ እስከ ሙሉውን እየሸፈነች የጠብታ መስኖን በሰፊው አስፋፋች። በብዙ አካባቢዎች ግን የከርሰ ምድር ውሃው መውረዱን አላቆመም። ገበሬው በተቆጠበው ውሃ ተጨማሪ መሬት አለማ፤ ብዙ ውሃ ወደሚፈልጉና ብዙ ወደሚያስገኙ ሰብሎችም ዞረ። ከዚህ ሌላ፣ ከቦይ ይሰርግ የነበረው ውሃ ከፊሉ ተመልሶ ጉድጓዶችን ይሞላ ነበር፤ ጠብታው ሲመጣ ያ ቀረ። ስለዚህ ከአንድ ሐይቅ ወይም ጉድጓድ በዓመት ስንት ውሃ ሊወጣ እንደሚገባ ገደብ ካልተበጀ፣ የጠብታ መስኖ ምርቱን ያሳድጋል እንጂ ሐይቁን አያድንም። የዝዋይ ሐይቅን ለሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህ የነገ ጉዳይ አይደለም።

ለመግዛት የምታስቡ ገበሬዎች ከቱቦው በፊት ውሃችሁን እዩ። ከወንዝ ወይም ከኩሬ የሚቀዳ ደፍራሽ ውሃ ያለ ጥሩ ማጣሪያ ማንጠብጠቢያውን በአንድ ወቅት ውስጥ ይደፍነዋል፤ ማጣሪያውም በየጊዜው መታጠብ አለበት። ሻጩን ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን መለዋወጫው የት እንደሚገኝ፣ ሲበላሽም ማን መጥቶ እንደሚያይ ጠይቁት። መልስ ከሌለው አትግዙ። የግብርና ቢሮዎችና አበዳሪዎችም ዕቃ ከማደላቸው በፊት በየወረዳው ከተማ መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ ሱቅና ጥገና የሚያውቅ አንድ ወጣት መኖሩን ያረጋግጡ።